ያገለገለ ቴስላ ሞዴል ኤስ ከመግዛቴ በፊት ምን ላስፈትሽ?

ጠያቂ፦ ሰላም። አዳማ ውስጥ የ2014 እ.ኤ.አ. ሥሪት ፒ85 (ባለ 85 ኪሎዋት ሰዓት ባትሪው) ለሽያጭ ቀርቧል። ምኑን ልይ?

መልስ 1፦ ወንድሜ፣ ከሁሉ በፊት የኋላ ሞተሩን። የሮተሩን (የሞተሩን ተሽከርካሪ ክፍል) ዘንግ የሚያቀዘቅዘው ኩላንት (ማቀዝቀዣ ፈሳሽ) በማኅተም (ሲል) ነው የሚታገደው። ማኅተሙ ሲበላ ኩላንቱ ሞተሩ ውስጥ ይገባል፣ ኢንሱሌሽኑ (የኤሌክትሪክ መከላከያው) ይዳከማል፣ መኪናው አንድ ቀን መንገድ ላይ ይቆማል። በክሪክ አስነሥተህ የሞተሩን የፍጥነት ሴንሰር አስፈታ፤ ጫፉ እርጥብ ወይም የዛገ ከሆነ የሞተር ጥገናውን ከዋጋው አስቀንስ። ይህን የማያስፈትሽ ሻጭ ለእኔ መልሱን ሰጥቷል። ስትነዳው ከኋላ የሚያጉረመርም ድምፅ ከሰማህ ኩሽኔታውን ጠርጥር።

መልስ 2፦ ስክሪኑንም አትርሳ። ከ2018 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ በፊት የተሠሩት 8 ጊጋባይት ሚሞሪ ብቻ አላቸው፤ ያለማቋረጥ ስለሚጻፍበት ያልቃል። ስክሪኑ በዝግታ ይነሣል፣ ራሱን ያጠፋል፣ ከዚያ የኋላ ካሜራውም ይጠፋል። በ64 ጊጋባይት ተቀይሮለት እንደሆነ ጠይቅ። የበር እጀታዎቹን አራቱንም ሞክር፣ የኋላ ጎማዎችንም ውስጠኛ ጎን በእጅህ ዳስስ፤ ከውጭ ደህና መስለው ከውስጥ ሽቦ ያወጡ ብዙ ናቸው።

መልስ 3፦ ስለ ባትሪው ስክሪኑ ላይ የሚታየውን ቀሪ ኪሎ ሜትር አትመን። ባትሪው 80 በመቶ ላይ ሳለ ትሪፑን (የጉዞ መቁጠሪያውን) ዜሮ አድርግ፣ በፈጣን መንገዱ ወደ አዲስ አበባ ደርሰህ ተመለስ፤ ሽቅቡ ሞተሩንም ይፈትንልሃል። 30 በመቶ ሲደርስ የተጠቀመውን ኪሎዋት ሰዓት አንብብ። አዲስ ሳለ 38 ገደማ ነበር። ከ32 በታች ካሳየ ባትሪው ብዙ ደክሟል። መንገድ ላይ ቆመህ ኤሲ አታብራ፣ ንባቡን ያዛባብሃል።

ጠያቂ፦ ትንሿ 12 ቮልት ባትሪስ?

መልስ 3፦ ርካሽ ናት፤ ዕድሜዋ ካልታወቀ ቀይራት። እሷ ከሞተች ትልቁ ባትሪ ሙሉ ቢሆንም መኪናው አይነሣም።