«ቫርዳን» የሚለው የአርመን ስም ከየት መጣ?

ብራና አንባቢ፦
የአርመንን ቤተ ክርስቲያን ታሪክ ሳነብ «ቫርዳን» የሚለው ስም በየዘመኑ ይገጥመኛል። አንዳንዶች ስሙ በአርመንኛ ጽጌረዳ ማለት ከሆነው «ቫርድ» የወጣ ነው ሲሉ፣ ሌሎች ግን ጥንታዊ የኢራን ስም ነው ይላሉ። ሁለተኛው እውነት ከሆነ፣ እ.ኤ.አ. በ451 ዓ.ም. በአቫራይር ሜዳ የፋርስን ጦር ሲዋጋ የወደቀው ቫርዳን ማሚኮንያን የጠላቱን አገር ስም ይዞ ነበር ማለት ነውን? ዛሬስ ወላጆች ይህን ስም የሚያወጡት ምን አስበው ነው?

የጥንት ወዳጅ፦
የስሙ ምንጭ ኢራናዊ መሆኑ የሚያከራክር አይመስለኝም፤ በመጀመሪያው መቶ ዓመት አጋማሽ በጥንታዊው የኢራን መንግሥት በጳርቴ የነገሠው ንጉሥ ግሪኮች «ቫርዳኔስ» ብለው የጻፉለትን ይህንኑ ስም ይጠራበት ነበር። «ቫርድ» የሚለው የአበባ መጠሪያም ቢሆን አርመንኛ ከኢራን ቋንቋዎች የተዋሰው ስለሆነ፣ በጽጌረዳው በኩል የሄደ ሰውም የሚደርሰው እዚያው ነው። ይሁንና ጳርቴንና የ451ዱን ጠላት አንድ አድርጎ ማየት አይገባም። እስከ 428 ድረስ አርመንን የገዛው የአርሻኩኒ ሥርወ መንግሥት የጳርቴ ነገሥታት ቅርንጫፍ ሲሆን፣ በቫርዳን ዘመን ፋርስን ይገዙ የነበሩት ሳሳናውያን ግን እነዚያኑ የጳርቴ ነገሥታት በ224 አሸንፈው ዙፋናቸውን የወሰዱ ናቸው። ስለዚህ ቫርዳን የያዘው ስም ለአርመን መሳፍንት የአሮጌው ቤተ መንግሥት ስም እንጂ የሳሳናዊው ንጉሥ የዳግማዊ ያዝዴገርድ ወገን ስም አልነበረም። ክርስትናን የመንግሥት ሃይማኖት ያደረገው ንጉሥ ትርዳት ራሱ የተጠራው በኢራናዊ ስም ነበር፤ አርሻክ፣ ቫሃንና ሱሬንም እንዲሁ ናቸው። የኢራን ቃላት በአርመንኛ ውስጥ ከመብዛታቸው የተነሣ የቋንቋ ሊቁ ሄይንሪኽ ሂብሽማን በ1875 ራሱን የቻለ ቋንቋ መሆኑን እስኪያስረዳ ድረስ ሊቃውንቱ ከኢራን ቋንቋዎች እንደ አንዱ ይቆጥሩት ነበር።

ዘነበ፦
ከላይ የተሰጠው ማብራሪያ ትክክል ነው፤ ነገር ግን ዛሬ ልጁን ቫርዳን ብሎ የሚሰይም አባት ስለ ጳርቴ ያስባል ብዬ አላምንም። ስሙን ያቆየው ሰማዕትነቱ ነው። «የጊሼ» የተባለው ታሪክ ጸሐፊ ከቫርዳን ወገን 1,036 ሰዎች እንደ ወደቁ ይተርካል፤ የአርመን ቤተ ክርስቲያንም ከዐቢይ ጾም መግቢያ በፊት ባለው ሐሙስ «ቫርዳናንክ» ብላ ቫርዳንንና ባልንጀሮቹን ታከብራለች። ይህ ቀን በስሙ ለሚጠሩት ሁሉ የስም በዓላቸው ስለሆነ የእንኳን አደረሳችሁ መልእክት ይደርሳቸዋል። በኒው ዮርክ በ1968 የተቀደሰው የአርመን ካቴድራል በእርሱ ስም ተሰይሟል፤ በየሬቫንም የርቫንድ ኮቻር የሠራው በፈረስ ላይ ያለ ሐውልት ከ1975 ጀምሮ ቆሞለታል።

እኔን ይበልጥ የሚያስደንቀኝ የሴት ልጁ ስም ነው። በጆርጂያ ምድር ባሏ ሃይማኖቷን እንድትክድ ሲያስገድዳት እንቢ ብላ በ475 ገደማ ሰማዕት የሆነችው ሹሻኒክ የቫርዳን ልጅ ስትሆን፣ የልደት ስሟ «ቫርዳንዱኽት»፣ ማለትም የቫርዳን ሴት ልጅ ነበር። የጆርጂያና የአርመን አብያተ ክርስቲያናት ሁለቱም ያከብሯታል።

መዝገብ፦
በአጻጻፉ እንዳትደናገሩ አንድ ነገር ልጨምር። በምሥራቅ አርመንኛ «ቫርዳን» የሚባለው በምዕራብ አርመንኛ «ቫርታን» ይሆናል፤ በታብሪዝ ተወልዶ የኒው ዮርክ ሕዝብ ቤተ መጻሕፍትንና ብራውን ዩኒቨርሲቲን የመራው ምሁር ስሙን የሚጽፈው ቫርታን ግሪጎሪያን ብሎ ነበር። ቢዛንታውያን ደግሞ «ባርዳኔስ» ይሉት ስለነበር ከ711 እስከ 713 በቁስጥንጥንያ የነገሠው ፊሊጲቆስ ባርዳኔስ የዚሁ ስም ባለቤት ነው። ቫርዳንያን የተባለው የቤተሰብ ስምም ከዚሁ የወጣ ነው።

ብራና አንባቢ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። በበጋ ሰዎች ውኃ የሚረጫጩበት «ቫርዳቫር» የተባለው በዓልስ ከቫርዳን ጋር ይገናኛልን?

የጥንት ወዳጅ፦
አይገናኝም። ቫርዳቫር አርመኖች ከፋሲካ በኋላ በ98ኛው ቀን የሚያከብሩት በዓለ ደብረ ታቦር ነው፤ የቫርዳን መታሰቢያ የሚውለው በክረምታቸው ማብቂያ ላይ ነው።