187 ሺህ ኪሎሜትር የሄደች ጎልፍ ጂቲአይ ልግዛ ወይስ ልተዋት?

አዲስ ገዢ፦

ጤና ይስጥልኝ። ላለፉት ስምንት ዓመታት የነዳሁት ቱርቦ (አየር ወደ ሞተሩ በግፊት የሚያስገባ መሣሪያ) የሌላት፣ ከዘይትና ከፍሬን ሸራ በቀር ብዙ የማትጠይቅ የጃፓን መኪና ነበር። አሁን እ.ኤ.አ. በ2010 የተሠራች፣ በቆጣሪዋ ላይ 187 ሺህ ኪሎሜትር የሚነበብባት ስድስተኛ ትውልድ ቮልስዋገን ጎልፍ ጂቲአይ አግኝቻለሁ፤ ባለ 2 ሊትር ቱርቦ ቤንዚን ሞተርና ባለ ስድስት ማርሽ ዲኤስጂ (በሁለት ፍሪሲዮን የሚሠራ አውቶማቲክ) ካምቢዮ አላት። መሪዋን እንደያዝኩ ወደድኳት፤ እንዲህ ቶሎ መውደዴም ራሱ አስግቶኛል።

ሻጩ ሁለተኛው ባለቤቷ ነው። እስከ 110 ሺህ ኪሎሜትር የተደረገላት ጥገና በሰነድ ተመዝግቧል፤ ከዚያ ወዲህ ያለው ግን ከሻጩ ቃል በቀር ማስረጃ የለውም። ስለ ሞተሩ ካቴና (ቫልቮቹን ከፒስተኖቹ ጋር አጣጥሞ የሚያስኬደው ሰንሰለት) ስጠይቀው «እንደ ቺንጋ በየጊዜው የሚቀየር አይደለም፤ ዕድሜ ልክ ያገለግላል» አለኝ። ለሙከራ በሄድኩበት ሰዓት ሞተሩን አሙቆ ጠበቀኝ፤ በመንገድ ላይ ግን ምንም እንከን አላገኘሁባትም። በየቀኑ ወደ 40 ኪሎሜትር እነዳለሁ፤ በቤታችንም ሌላ መኪና የለም። ይህን ያህል መንገድ የሄደችን ባለ ቱርቦ መኪና መግዛት ተገቢ ነው? ከመግዛቴ በፊትስ ምን ምን ማስመርመር ይኖርብኛል?

የሞተር ባለሙያ፦

ከጻፉት ሁሉ እኔን የከነከነኝ 187 ሺህ የሚለው ቁጥር ሳይሆን «ሞተሩን አሙቆ ጠበቀኝ» የሚለው ነው። በዚህ ሞተር ላይ ካቴናውን ወጥሮ የሚይዘው መወጠሪያ የሚሠራው በዘይት ግፊት ነው። መኪናዋ ሌሊቱን ስትቆም ዘይቱ ወደ ታች ስለሚወርድ፣ የላላ ካቴና ወይም የደከመ መወጠሪያ ካለ ጠዋት ሞተሩ በተነሣባቸው የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሰከንዶች ውስጥ ብረት ለብረት ሲንቀጫቀጭ ይሰማል። በሞቀ ሞተር ላይ ይህ ድምፅ አይገኝም። ስለዚህ ሌላ ቀን በማለዳ ይሂዱ፤ ሻጩ እንዳያስነሣት አስቀድመው ይንገሩት፤ እንደደረሱም ኮፈኑን ከፍተው ሞተሩ በእርግጥ ቀዝቃዛ መሆኑን በእጅዎ ያረጋግጡ።

ካቴናው ዕድሜ ልክ ያገለግላል የሚለው አባባል ግማሽ እውነት ነው። አምራቹ የመቀየሪያ ኪሎሜትር አልወሰነለትም፤ ይሁን እንጂ የካቴናው መጋጠሚያዎች እየተበሉ ሲሄዱ ካቴናው ይረዝማል። በዚህ ላይ በቀደሙት ምርቶች የተገጠመው መወጠሪያ ድንገት የሚለቅ ዓይነት መሆኑ የታወቀ ነው። መወጠሪያው ለቆ ካቴናው ጥርስ ከዘለለ ቫልቮቹ ከፒስተኖቹ ጋር ይጋጫሉ፤ ያን ጊዜ ወጪው የመወጠሪያ ዋጋ ሳይሆን የሙሉ ቴስታታ (ቫልቮቹን የያዘው የሞተሩ የላይኛው ክፍል)፣ አንዳንዴም የሙሉ ሞተር ዋጋ ይሆናል። በ2010 የተሠራች መኪና ከፋብሪካ የወጣችው በቀድሞው መወጠሪያ ስለሆነ፣ ጥያቄው ከዚያ ወዲህ ተቀይሯል ወይስ አልተቀየረም የሚለው ነው። ለዚህም ሞተሩን መፍታት አያስፈልግም፤ በታችኛው የካቴና ሽፋን ላይ ባለችው ትንሽ የመመልከቻ ቀዳዳ በኩል የትኛው ዓይነት እንደተገጠመ ማየት ይቻላል። የካቴናውን መርዘም ደግሞ በምርመራ ኮምፒውተር፣ የካምሻፍቱ (ቫልቮቹን የሚከፍተው ዘንግ) አቀማመጥ ከክራንክሻፍቱ (ፒስተኖቹ የሚያሽከረክሩት ዘንግ) ምን ያህል እንደራቀ በማንበብ መገመት ይቻላል።

በዚህ አጋጣሚ አንድ ነገር ላስገንዝብ። ስለ ጂቲአይ የሚጻፉ ምክሮች ብዙ ጊዜ ይደባለቃሉ። አብዛኞቹ የአምስተኛው ትውልድ ጂቲአይዎች የጊዜ ቺንጋ ያለው ሌላ ሞተር አላቸው፤ የነዳጅ ፖምፓውን የሚገፋው ትንሽ ቁራጭ ያልቃል እየተባለ የሚነገረውም በዋናነት ስለዚያ ሞተር ነውና በዚህች መኪና ላይ አይጨነቁበት።

ወደ ቱርቦው ስመለስ፣ የቱርቦ ዘንግ በደቂቃ ከ100 ሺህ ዙር በላይ የሚሽከረከረው በስስ የዘይት ሽፋን ላይ ተንሳፍፎ ነው። ያረጀ ዘይት በዚያ ሙቀት እየተቃጠለ ወደ ጥላሸትነት ተለውጦ ዘይት የሚያደርሰውን ቀጭን ቱቦ ያጠባል፤ ቱርቦውንም የሚገድለው ከተሄደው ርቀት ይልቅ ይኸው ነው። ስለሆነም ሰነድ የሌላቸው 77 ሺህ ኪሎሜትሮች ከተመዘገቡት 110 ሺህ ይልቅ ሊያሳስቡዎት ይገባል። የዘይቱን መለኪያ ዘንግ አውጥተው መጠኑን ይመልከቱ። ሞተሩ ከሞቀ በኋላ ለጥቂት ደቂቃዎች በቆመበት ያሠሩትና ነዳጅ በድንገት ይስጡት፤ ከጭስ ማውጫው ሰማያዊ ጭስ ቢወጣ ዘይት በቱርቦው፣ በቫልቭ ጎሚኒዎች ወይም በፒስተን ፋሻዎች በኩል እያለፈ ነው ማለት ነው። አምራቹ ራሱ በ1,000 ኪሎሜትር እስከ ግማሽ ሊትር የሚደርስ የዘይት ፍጆታን እንደ ጤናማ ስለሚቆጥር፣ በየመካከሉ ዘይት መጨመር ብቻውን የብልሽት ምልክት አይደለም።

የዚህ ዲኤስጂ ፍሪሲዮኖች በዘይት ውስጥ የሚሠሩ ስለሆኑ ዘይቱና ፊልትሮው በየ60 ሺህ ኪሎሜትሩ መቀየር አለባቸው። እስካሁን ሦስት ጊዜ መቀየር ነበረባቸውና ቢያንስ የአንዱን ደረሰኝ ይጠይቁ።

የቀድሞ ባለ ቱርቦ፦

ከላይ የተጻፈውን ቴክኒካዊ ምክር ሙሉ በሙሉ እቀበላለሁ፤ ነገር ግን ጥያቄዎ «ሌላ መኪና የለም» በሚለው ላይ ቆሟል ብዬ አምናለሁ። እኔ ከሌላ አምራች የተገዛች፣ በጥሩ ሁኔታ ላይ የነበረች ባለ ቱርቦ መኪና ነበረችኝ፤ በአንድ ዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜ ቆማብኛለች። አንዱም ብልሽት ከባድ አልነበረም፤ ሆኖም በየጊዜው ዕቃው እስኪመጣ ከአንድ ሳምንት በላይ እየጠበቅሁ፣ ሥራ የምሄደው በሰው መኪና ነበር።

በዚህች ጎልፍ ላይም ከዕድሜ ጋር የሚመጡት ነገሮች እንዲሁ ናቸው። የውሃ ፖምፓው ሽፋን ፕላስቲክ ስለሆነ ውሃ ማንጠባጠብ ይጀምራል። ነዳጁ በቀጥታ ወደ ሲሊንደሩ ስለሚረጭ የማስገቢያ ቫልቮቹን የሚያጥብ ቤንዚን የለም፤ ስለዚህ በቫልቮቹ ጀርባ ላይ ጥላሸት ይከማቻል፣ ሞተሩም በቀዝቃዛው ሲነሣ ይንገዳገዳል። የሚጸዳውም የአየር ማስገቢያው ተፈትቶ፣ ብዙ ጊዜ በተፈጨ የለውዝ ቅርፊት ነው። የማቀጣጠያ ኮይሎችም ያልቃሉ። ከእነዚህ አንዱም ሞተር አይገድልም፤ ሁሉም ግን መኪናዋን ከመንገድ ያስቀሯታል። ለጥቂት ቀናት ያለ መኪና መቆየት የማይችሉ ከሆነና የዚህን ሞተር ካቴና ለመግጠም የሚያስፈልገው መሣሪያ ያለውን መካኒክ አስቀድመው ካላገኙ፣ እንዳይገዙ እመክርዎታለሁ።

አዲስ ገዢ፦

ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ሳልጠቅሰው የቀረ ነገር አለ፤ ሻጩ በሶፍትዌር ጉልበት እንደተጨመረባት በኩራት ነግሮኛል። ይህ ነገሩን ይለውጠዋል?

የሞተር ባለሙያ፦

አዎን፣ በእጅጉ ይለውጠዋል። ይህች መኪና ከፋብሪካ የወጣችው በ210 የፈረስ ጉልበት ነው። ሶፍትዌሩ የቱርቦውን ግፊት ከፍ ሲያደርግ ከፒስተን እስከ ፍሪሲዮን ያለው ሁሉ ተጨማሪ ጫና ይሸከማል። ዘይቷ በሰነድ ተረጋግጦ በጊዜው ሲቀየር የኖረች ብትሆን ኖሮ እንደ ትልቅ ችግር አላየውም ነበር፤ ሰነድ ከሌለው 77 ሺህ ኪሎሜትር ጋር ሲደመር ግን እኔ ለራሴ አልገዛትም። አሁንም ከፈለጓት የአራቱም ሲሊንደሮች ኮምፕሬሽን (ፒስተኑ አየሩን ሲጨምቅ የሚፈጠረው ግፊት) ይለካ። ከቁጥሩ ከፍታ ይልቅ የአራቱን መቀራረብ ይመልከቱ።

አዲስ ገዢ፦

ዛሬ ማለዳ ከመካኒክ ጋር ሄድኩ። ሞተሩ ቀዝቃዛ ነበር፤ ሲነሣም ለሁለት ሰከንድ ያህል የመንቀጫቀጭ ድምፅ በግልጽ ሰማን። በመመልከቻ ቀዳዳው በኩል የታየውም የቀድሞው መወጠሪያ ነው። የካቴናውና የመወጠሪያው ወጪ ከዋጋው ላይ እንዲቀነስ ብጠይቅ ሻጩ ስላልተስማማ፣ እያዘንኩም ቢሆን ትቻታለሁ። አሁን የማየው ሰባተኛ ትውልድ፣ ባለ 1.4 ሊትር ቱርቦ፣ 120 ሺህ ኪሎሜትር የሄደችና ሙሉ የጥገና ሰነድ ያላት ሌላ ጎልፍ ነው።

የሞተር ባለሙያ፦

የዚያች ሞተር ካቴና ሳይሆን የጊዜ ቺንጋ ነው ያለው፤ ስለዚህ የቺንጋውን ሁኔታ ያስመርምሩ። አውቶማቲክ ከሆነች ግን ካምቢዮዋ ፍሪሲዮኖቹ በዘይት ውስጥ የማይሠሩት ባለ ሰባት ማርሽ ዲኤስጂ ሊሆን ይችላልና፣ ከመንገድ መጨናነቅ ውስጥ አስገብተው ቀስ እያሉ ሳይነዷት አይወስኑ፤ ስትነሣ ብትንቀጠቀጥ ወይም ከአንደኛ ወደ ሁለተኛ ማርሽ ስታልፍ ብትመታ እዚሁ ይጻፉልኝ፣ አብረን እናየዋለን።