«መጅ» ድንጋይ ነው ወይስ የደነደነ ቆዳ?

ጥያቄ፦ ሰላም ለሁላችሁ። መጽሐፈ መሳፍንት 9 ላይ አንዲት ሴት ከግንብ ላይ «መጅ» ጥላ የአቤሜሌክን ጭንቅላት እንደ ሰበረች ይነበባል። እኔ መጅ ሲባል የማውቀው በመዳፍና በእግር ላይ የሚደነድነውን ቆዳ ነው። ቃሉ አንድ ነው?

መልስ፦ እንኳን ወደ ውይይቱ በደህና መጡ። ሁለቱም ትክክል ናቸው። መጅ ሴቲቱ በሁለት እጇ ጨብጣ እህሉን የምትፈጭበት የላይኛው ድንጋይ ነው፤ ከሥር ያለው ሰፊው ድንጋይ ወፍጮ ይባላል። የደነደነውን ቆዳም መጅ እንለዋለን። እኔ በበኩሌ ሁለቱን ያዛመደው ሥራው ራሱ ነው ባይ ነኝ፤ ዕድሜ ልኩን መጅ የገፋ እጅ መጅ ማውጣቱ አይቀርም።

ያነሡትን ጥቅስ በአማርኛ ማንበብ ትልቅ ዕድል ነው። በሌላው ዓለም ብዙ አንባቢ የወፍጮ ድንጋይ ሲባል የሚታየው ክብ ሆኖ የሚሽከረከር ግዙፍ ድንጋይ ስለሆነ፣ ሴቲቱ እንዴት አነሣችው ብሎ ይደነቃል። በዚያ ዘመን የነበረው ግን እናቶቻችን የሚያውቁት ወደፊትና ወደኋላ የሚገፋው ነው። የቴቤስ ሴት የጣለችው በየቀኑ ከእጇ የማይለየውን ዕቃ ነው፤ ክብደቱንም አሳምራ ታውቀዋለች። አቤሜሌክም «ሴት ገደለችው» እንዳይባል ጋሻ ጃግሬውን ግደለኝ አለው!

ዘዳግም 24፥6ንም ይመልከቱ። ወፍጮንም ሆነ መጁን መያዣ አድርጎ መውሰድ የሰውን ነፍስ መያዣ እንደ መውሰድ ተቆጥሮ ተከልክሏል። መጁ ለብቻው መጠቀሱ ያለ ምክንያት አይመስለኝም። ወፍጮውን ለመውሰድ ሸክም ይጠይቃል፤ መጁን ግን አበዳሪው በብብቱ ይዞት ይሄዳል። ያን ጊዜ ቤቱ እህል እያለው ይራባል።

ሌላ አባል፦ የሥራውን ክብደት አጥንትም ይመሰክራል። በሰሜን ሶርያ፣ በኤፍራጥስ ወንዝ ዳር፣ አቡ ሁሬይራ የሚባል የአዲስ ድንጋይ ዘመን መንደር ነበር፤ ቦታው ዛሬ በግድብ ውኃ ተውጧል። ከዚያ የወጡ አጽሞች ሲመረመሩ፣ በተለይ በሴቶቹ ላይ፣ ጉልበት፣ የታችኛው አከርካሪና የእግር አውራ ጣት መገጣጠሚያ ተጎድቶ ተገኝቷል። ተመራማሪዎች ይህን ያያያዙት ጣትን አጥፎ፣ ተንበርክኮ ለሰዓታት ከመፍጨት ጋር ነው። በእኛ ሀገር በብዙ ቦታ ወፍጮው ከፍ ባለ መደብ ላይ ስለሚተከል ፈጪዋ ቆማ አጎንብሳ ትገፋለች፤ ጉልበቷ ቢተርፍ ወገቧ አይተርፍም።

በጥንቱ ዓለም ሥራው ያስከብር ነበር ማለትም አይቻልም። ዘጸአት 11፥5 ከፈርዖን በኩር አንሥቶ እስከ መጨረሻው ድሃ ሲቆጥር፣ መጨረሻ ላይ የምትገኘው ወፍጮ የምትፈጨው ባሪያ ናት። ሶምሶንም በእስር ቤት እንዲፈጭ የተደረገው ለውርደት ነው። ንጉሡንም ባሪያውንም የምታበላ ሴት ከሁሉ በታች መቆጠሯ ያሳዝነኛል።

ጠያቂው፦ ተባረኩ። ከ«ፈጨ» ሌላ የሙያው ግሦች አሉ?

መልስ፦ ሞልተዋል። ባቄላና አተር ይከካል፤ ስንዴ ለቂንጬ ይሸረከታል፤ ለእንጀራ የሚሆነው እስኪልም ይፈጫል። ወፍጮውና መጁ ሲለሰልሱ እህሉን ስለማይይዙት በጠንካራ ድንጋይ ጠቅ ጠቅ እየተደረጉ እንደገና ሻካራ ይሆናሉ፤ ይህ መውቀር ነው። ካልተወቀረ መጁ እህሉ ላይ ይንሸራተታል እንጂ አይፈጭም። የሚወቀርበት ድንጋይ ስሙ ከቦታ ቦታ የሚለያይ ከሆነ በየአካባቢያችሁ የሚባለውን ጻፉልን።