የጠመንጃ ቱቦን ውስጥ በቤት ማለስለስ

ጥያቄ፦
የአደን ጠመንጃ ነው። ቱቦው ተወልውሎም ጥቁር ነጠብጣብ ይታይበታል፤ ከጥቂት ተኩስ በኋላ ደግሞ ከጥይቱ የሚፋቅ መዳብ ይይዛል። የብረት ሱፍ ድሪል ላይ ጠምጥሞ እንደ መስታወት ማብራት ይቻላል?

መልስ 1፦
ድሪሉን እርሳው። ቱቦው ውስጥ ጥይቱን የሚያሽከረክሩት ቦዮች ጥምዝ ናቸው፤ ድሪል ባለበት ሲሽከረከር የቦዮቹን ጠርዝ አቋርጦ ይበላዋል። መጀመሪያ ጥይት አለመኖሩን አረጋግጥ፣ መዝጊያውን አውጣ። ከዚያ አሞኒያ ያለበት ማጽጃ ተጠቀም፣ ግን ከ15 ደቂቃ በላይ አታቆየው፤ ብረቱን ሊበላ ይችላል። ጨርቁ ሰማያዊ ወይም አረንጓዴ ከሆነ መዳብ ነው። ጨርቁ ነጭ ሆኖ እየወጣ ነጠብጣቡ ከቀረ የዝገት ጉድጓድ ነው። እሱን በማለስለስ አታጠፋውም፤ ቱቦውን ታሰፋዋለህ እንጂ።

መልስ 2፦
መዳቡን ለመቀነስ ለቱቦ የተሠራ ደቃቅ ማለስለሻ ቅባት በጠበቀ ጨርቅ ላይ ቀባ። ጨርቁን የሚገፋው የማጽጃ ዘንግ እጀታው ላይ በነፃ የሚዞር ይሁን፤ ካልዞረ ጨርቁ ቦዩን አይከተልም። ከጥይት ማጉረሻው በኩል በመሪ ቱቦ (ዘንጉን መሃል ላይ የሚይዝ ማስገቢያ) አስገባ፤ 10 ጊዜ ያህል አመላልሰህ ጨርቁን ቀይር፣ እየው። ጨርቁ ከአፈሙዙ ሙሉ በሙሉ አይውጣ። ዘንጉ የአፈሙዙን ጠርዝ ከፋቀ ጥይቱ አቅጣጫ ይስታል።

መልስ 3፦
መስታወት መሆኑ ደግሞ ጥቅም የለውም (ለዓይን ካልሆነ)። ከልክ በላይ የለሰለሰ ቱቦ መዳብ ይብሱን ሊይዝ ይችላል፤ ቱቦ ሠሪዎች እንኳ ብዙውን ጊዜ 320 ቁጥር የማለስለሻ ዱቄት አካባቢ ያቆማሉ (ቁጥሩ ሲጨምር ዱቄቱ ይደቃል)። ክሮም የተለበጠ ከሆነ ጭራሽ አትንካው።

ጠያቂ፦
ቅባቱ በምን ይወጣል?

መልስ 2፦
በማጽጃ፣ ጨርቁ ነጭ እስኪሆን። ማጉረሻውንም አትርሳ። ከመተኮስህ በፊት በደረቅ ጨርቅ ጨርሰው፤ ዘይት ከቀረ ግፊት ይጨምራል።