ብቻዬን ለምሠራ የሕክምና ቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ምክራችሁን እሻለሁ

በአንድ ማስተማሪያ ሆስፒታል ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ብቻዬን የምሠራ ባለሙያ ስሆን፣ ተመራማሪዎች ለስልታዊ የጥናት ግምገማ (በአንድ ጥያቄ ላይ የተሠሩ ጥናቶችን ሁሉ ፈልጎ ለሚመዝን ሥራ) የሚፈልጉትን የጽሑፍ ፍለጋ የማዘጋጀው እኔ ነኝ። እ.ኤ.አ. በ2015 የታደሰው «ፕሬስ» የተባለው የፍለጋ መፈተሻ መመሪያ፣ የፍለጋ ስልት ሥራ ላይ ከመዋሉ በፊት በሌላ የመረጃ ባለሙያ እንዲታይ ይመክራል፤ እኔ ግን የማሳየው ሰው የለኝም።

የዚህን ጉድለት ዋጋ ያየሁት በቅርቡ ነው። ፐብሜድ በተባለው የሕክምና ጽሑፎች የመረጃ ቋት ስፈልግ «ሜሽ» በሚባሉት የርእሰ ጉዳይ ቃላት ላይ ብቻ በመመሥረቴ፣ እነዚህ ቃላት ያልተሰጧቸውን ጽሑፎች በርእሳቸውና በአጽሕሮታቸው ሳላስስ አለፍኩ፤ ስሕተቱንም ያገኘው የተመራማሪዎቹን ጽሑፍ የገመገመው ሰው ነበር። ሁለተኛ ዐይን ቢኖር ኖሮ ወዲያው የሚታይ ነገር ነው።

በአንድ ጉባኤ ላይ የብዙ ባልደረቦችን አድራሻ ሰብስቤ ነበር፤ ነገር ግን የማላውቀውን ሰው ውለታ መጠየቅ ስለሚያሳፍረኝ ለአንዳቸውም አልጻፍኩም (ጥፋቱ የራሴ ነው)። እ.ኤ.አ. በ1898 የተመሠረተውን የአሜሪካ የሕክምና ቤተ መጻሕፍት ማኅበር መቀላቀልንም አስቤአለሁ፤ ሆኖም ኃላፊዬ የሥልጠና በጀቱ ለሐኪምና ለነርስ ብቻ እንደሆነ ስለነገሩኝ ክፍያው ከኪሴ ይሆናል።

በዚህ ሁኔታ ያለፋችሁ ባልደረቦች፣ አንዱ የሌላውን ፍለጋ የሚያርምበትን ግንኙነት እንዴት ጀመራችሁት? በመጀመሪያው መልእክታችሁስ ምን ብላችሁ ጻፋችሁ? ከማኅበር አባልነትና ከአንድ አጭር የፍለጋ ሥልጠና አንዱን ብቻ መክፈል ብችል የቱን ላስቀድም? በበኩሌ የሚያርመኝን ሰው የፍለጋ ስልት በምላሹ ለመፈተሽ ዝግጁ ነኝ።