ውጅግራ፣ ምንሽር፣ በልጅግ፦ የጠመንጃ ስሞቻችን ከየት መጡ?

ሱሉልታዬ፦
ሰላም ለዚህ ቤት። እዚህ ሱሉልታ ሽማግሌዎች ስለ ድሮ ጠመንጃ ሲያወሩ «ውጅግራ» የሚሉት ነገር አለ። በሽለላም በቀረርቶም ሰምቼዋለሁ። መዝገበ ቃላት ገልጬ ሳይ «የጠመንጃ ዓይነት» ብሎ ያልፈዋል። ይሄንንማ እኔም አውቀዋለሁ! አንድ ጓደኛዬ ደግሞ «ውጋ ግራውን» ከሚለው የመጣ ነው ብሎ ድርቅ አለ። አሮጌ የጦር መሣሪያ የምትሰበስቡ ሰዎች እዚህ አላችሁ አይደል? እስቲ ንገሩን።

የእንጦጦው፦
ጓደኛህ ቀልዶብሃል። ውጅግራ ፈረንሳይኛ ነው፣ «ፉዚ ግራ»። ፉዚ ጠመንጃ ነው። ግራ ደግሞ የሠሪው ስም ነው፣ ባዚል ግራ የሚባል የፈረንሳይ መኮንን። ጠመንጃው በፈረንጆቹ 1874 የወጣ ባለ 11 ሚሊሜትር ነው፣ አንድ ጎራሽ። አንዱን ተኩሰህ ቀለሃውን አውጥተህ ሌላ ታጎርሰዋለህ።

እኔን የሚገርመኝ ግን ስሙ የተሰማበት መንገድ ነው። ፈረንሳይኛው ሲጻፍ በሁለቱም ቃላት ጫፍ ላይ የማይነበብ ፊደል አለ፣ በአንዱ «ል» በሌላው «ስ»። ውጅግራ ውስጥ ሁለቱም የሉም። ስለዚህ ቃሉ በወረቀት አልመጣም፣ በአፍ ነው የመጣው። «ፉ» ወደ «ው» ዞረ፣ «ዚ» ወደ «ጅ» ዞረ፣ ተሸከምነው።

ለምን በብዛት ገባ ካልክ፣ ፈረንሳይ በፈረንጆቹ 1886 ሌበል የሚባለውን አዲስ ጠመንጃ ስትቀበል አሮጌው ግራ ትርፍ ሆነ። ትርፍ መሣሪያ ደግሞ ገዢ ፍለጋ ባሕር ይሻገራል። በእርግጥ ከውጅግራም የባሰ አሮጌ ብረት እዚህ መጥቷል። ገጣሚው አርተር ራምቦ ሁለት ሺህ ያህል ጠመንጃ በግመል ጭኖ ከታጁራ ተነስቶ፣ በፈረንጅ 1887 እዚሁ እንጦጦ ላይ ለምኒልክ ነው የሸጠው። እሱ ያመጣው ባሩድና አረር በአፈሙዙ የሚጠቀጠቅበት ዓይነት ነበር። ምኒልክ ያኔ የሸዋ ንጉሥ ናቸው። ዋጋውን ቀነሱበት፣ የሞተውን ሸሪኩንም ዕዳ ቆረጡበት። ሰውዬው በየደብዳቤው ከሰርኩ እያለ ሲያማርር ኖረ። እኔ አላዝንለትም።

ሱሉልታዬ፦
ኧረ በደንብ! ሌሎቹስ? ምንሽር፣ ስናድር፣ በልጅግ?

የእንጦጦው፦
ስናድር የያዕቆብ ስናይደር ነው፣ አሜሪካዊ። እንግሊዞች በፈረንጆቹ 1866 ተቀበሉት፣ ከዚያ የናፒየር ጦር መቅደላ ይዞት መጣ። ሚያዝያ 1860 ዓ.ም. አሮጌ በተባለው ሜዳ ላይ የቴዎድሮስን ሰው ያረገፈው እሱ ነው። በኋላው በኩል የሚጎርስ ስለሆነ፣ በአፈሙዙ ከሚጎርሰው ጋር ሲገጥም ፍጥነቱ አይወዳደርም።

ምንሽር ኦስትሪያዊው ማንሊኸር ነው። ጀርመንኛው መሃል ላይ ያለችውን ድምፅ «ሽ» አድርገን ያዝናት። ጣሊያን በፈረንጆቹ 1891 የተቀበለው ባለ 6.5 ሚሊ፣ 6 ጥይት ባንድ ማቀፊያ የሚጎርሰው ጠመንጃ የእሱን አጎራረስ የተዋሰ ነው። አርበኞች ከጣሊያን ይማርኩት የነበረውም ይኸው ነው። በልጅግ ደግሞ የአገር ስም ነው፣ ቤልጂየም። የቤልጂግ ፋብሪካ የሠራው ማውዘር የሚባለው የጀርመኖች ጠመንጃ ማለት ነው። አምስት ጎራሽ ነው። እንግዲህ አንዱን በሠሪው ስም፣ አንዱን በአገሩ ስም ጠራን ማለት ነው። ማን ሸጠልን፣ ከማን ማረክን የሚለው ታሪክ ስሙ ላይ ተቀምጧል።

ፊደል ለቃሚ፦
ዋናውን ረሳችሁት፣ «ጠመንጃ» ራሱ! ጋዜጣ ላይ «ጠብመንጃ» እያሉ ይጽፋሉ፣ ጠብ የሚነዳ ለማለት። ያምራል ግን ቃሉን የሰማ ሰው በኋላ የፈታው ይመስለኛል። ትግርኛው «ጠበንጃ» ነው። ቱርክኛ ደግሞ ሽጉጥን «ታባንጃ» ይላል። ባሩድም መድፍም በዚያው በቀይ ባሕር በኩል የገቡ ቃላት ናቸው። ጠብ የሚነዳው ሰው ነው ወንድሜ፣ ብረቱን ተዉት።

እሙ ሰናይት፦
ሁላችሁም ስም ስም ትላላችሁ። እስቲ ግሡን እዩት! ስሙ የፈረንጅ፣ የዓረብ፣ የቱርክ ይሁን። ሥራው ግን ሁሉ የቤታችን ነው። «ደገነ» የመጣው ከደጋን ነው፣ ከቀስቱ። ጥጥ የምንነድፍበትንም ደጋን ነው የምንለው። አያቶቻችን ቀስት ደገኑ፣ አባቶቻችን መትረየስ ደገኑ፣ ልጆቻችን ሠርግ ላይ ካሜራ ይደግናሉ። «ተኮሰ»ንም ተመልከቱ። ካውያ ልብስ ይተኩሳል፣ ባላገር የታመመ ከብት በጋለ ብረት ይተኩሳል፣ ትኩሳትና ትኩስም ከዚያው ናቸው። ከዚያ ወታደሩ መጣና ጥይት ተኮሰ። የጥንቱ ጠመንጃ እኮ በእሳት ተለኩሶ ነው የሚጮኸው፣ ስለዚህ ቃሉ ሲፈለግ ሩቅ አልተሄደም።

ከሁሉ የምወደው ግን «አጎረሰ» ነው። ሌላው ዓለም ጠመንጃውን ይሞላል ወይ ይጭናል። እኛ እናጎርሰዋለን። አንድ ጎራሽ፣ አምስት ጎራሽ እያልን ስንት ጉርሻ እንደሚችል እንቆጥርለታለን። ሽጉጥም ቢሆን ሸጎጠ ከሚለው ነው፣ ወገብ ውስጥ የሚሸጎጥ። የማን ሥራ እንደሆነ ሳንጠይቅ አቀማመጡን አይተን ስም ሰጠነው።

የእንጦጦው፦
እሙ፣ በዚህ ገደልሽን! እኔ ስንት ዘመን ብረት ስሰበስብ ይሄን አላሰብኩትም።

ስለ ብረት ካነሳን አንድ ነገር ላሳያችሁ። ለገጣፎ በኩል አሮጌ ቤት ሲፈርስ የበር መወርወሪያ ሆኖ ያገለግል የነበረ ሳንጃ አገኘሁ። የውጅግራ ሳንጃ ነው። በምን አወቅክ ካላችሁ፣ ስለቱ ቀጭን ነው፣ ጀርባው ግን ሰፊና ጠፍጣፋ፣ ከጫፍ ስታዩት «ቲ» የምትባለውን የፈረንጅ ፊደል ይመስላል። እጀታው እንጨት፣ የእጀታው ጫፍ ናስ። በጀርባው ላይ ደግሞ እንደ እጅ ጽሑፍ በተቀጠለ ፊደል የፋብሪካው ከተማ፣ ወሩና ዓመተ ምሕረቱ ተቀርጿል፣ ሳንት ኤትየን ይላል። ጽሑፉ በጣም ቀጭን ነው። ዝገቱን በአሸዋ ብትፈትጉት በአንድ ቀን ይጠፋል፣ ከዚያ ያላችሁ ተራ ብረት ነው። ዘይት ቀቡና በጨርቅ ቀስ እያላችሁ ጥረጉ።

ጠመንጃ ከሆነ ግን ሌላ ነገር ነው። የጦር መሣሪያ አዋጅ ቁጥር 1177/2012 አለ። አሮጌ ነው፣ ጌጥ ነው፣ የአያቴ ነው ብላችሁ ዝም ብላችሁ ግድግዳ ላይ እንዳትሰቅሉ። ፈቃዱን ጠይቁ። ቅርስ ከአገር ማውጣትም ያስጠይቃል፣ ቱሪስት በጥሩ ዋጋ ልግዛህ ቢላችሁም።

ሻለቃ (ጡረታ)፦
ልጆች፣ ሳነብ ቆየሁና አላስችለኝ አለ። የድሮ አንድ ጎራሽ ጠመንጃ በእኛ ጊዜ ቅጽል ስሙ «ቆመህ ጠብቀኝ» ነበር። አንዱን ተኩሰህ ሌላውን እስክታጎርስ ጠላትህን «እባክህ እዚያው ቁምልኝ» ማለት ነው የቀረህ። ውጅግራችሁ እንግዲህ ይሄ ነው። አሁን ቆመህ ጠብቀኝ የሚባል ታክሲም መሥሪያ ቤትም አይቻለሁ።

ሌላው «ከሸፈ» ነው። ዛሬ ድርድሩ ከሸፈ፣ ሴራው ከሸፈ እያላችሁ ትጽፋላችሁ። እኔ የማውቀው ጥይት ሲከሽፍ ነው። ምላጩን ትስባለህ፣ «ቀጭ» ይላል፣ ሌላ ነገር የለም። ባሩዱ እርጥበት አግኝቶታል ወይም አርጅቷል። ድርድር ከሸፈ ሲባል ስሰማ ያቺ «ቀጭ» ናት ጆሮዬ ላይ የምትመጣው፣ ስለዚህ ቃሉን ያለ ቦታው አልተጠቀሙበትም እላለሁ።

ሱሉልታዬ፦
ሻለቃ ዕድሜ ይስጥልኝ! «ጋሻ ጃግሬ»ስ? ቢሮ ውስጥ የአለቃ አጫፋሪ ሁሉ ጋሻ ጃግሬ ይባላል።

ሻለቃ (ጡረታ)፦
የጌታውን ጋሻ ተሸክሞ የሚከተል ሰው ነው የኔ ልጅ። የጎሽ ወይም የጉማሬ ቆዳ ጋሻ ቀላል እንዳይመስልህ። ጦር ሜዳም አብሮ ይገባ ነበር፣ ሞቱም ከጌታው ጋር ነው። የቢሮው ጋሻ ጃግሬ አለቃው ሲሻር በማግስቱ ሌላ ጋሻ ይዞ ይገኛል፣ ስሙን አላግባብ ነው የወሰደው።

ፊደል ለቃሚ፦
እንግዲያው «ዒላማ»ንም ጨምሩበት። እኛ መሥሪያ ቤት የሩብ ዓመት ሪፖርት ላይ «ዒላማችንን በከፊል መትተናል» ተብሎ ተጽፏል።

ሻለቃ (ጡረታ)፦
በከፊል?! እኔ ሳሠለጥን እንዲህ ያለኝ ምልምል ሜዳውን በጉልበቱ ይዞረው ነበር።