የወባ መከላከያ ለሕፃናት፦ የፕሮፖዛል ረቂቅ፣ ሐሳብ ይጨመርበት

ጸሐፊ፦ ጤና ይስጥልን። እሑድ በተነጋገርነው መሠረት ረቂቁን ለጥፌዋለሁ። «በመተማ ቆላ ከ5 ዓመት በታች ላሉ ልጆች ሁሉ በወባ ወቅት በየወሩ መከላከያ ክኒን» ይላል፤ ኒጀርና ማሊ እንደሚያደርጉት። የጎደለውን ሙሉበት።

ሲስተር፦ ይቅርታ አድርግልኝና ይሄ ጤና ቢሮ በር ላይ ይቀራል። ኒጀርና ማሊ የሚሰጡት ፋንሲዳርና አሞዳያኩዊን የሚባሉትን የወባ መድኃኒቶች ነው። እኛ ደግሞ ወባው ስለተላመደው ፋንሲዳርን ትተን ኮአርተም ወደሚባለው ሌላ የወባ መድኃኒት ከዞርን ቆየን፤ በ2004 እ.ኤ.አ. ነው። ቫይቫክስ የሚባለው የወባ ዓይነትም አለብን፣ ጉበት ውስጥ ተኝቶ ሰንብቶ የሚነሣው።

ጠበብ እናድርገው፤ በከባድ ደም ማነስ ሆስፒታል ተኝተው ለወጡ ልጆች ብቻ ይሁን። ጥቅምት ላይ መዳፉ የነጣ ልጅ ደም ይሰጠውና እናቱ መርቃን ትወጣለች። ታኅሣሥ ላይ ያንኑ ልጅ አዝላ ትመጣለች፤ ካርዱን ሳላይ አውቀዋለሁ። ኬንያና ኡጋንዳ ውስጥ በከባድ ደም ማነስ ተኝተው ለወጡ ሕፃናት በ2ኛው፣ በ6ኛውና በ10ኛው ሳምንት የወባ መድኃኒት ሲሰጣቸው፣ እስከ 14ኛው ሳምንት ሞትና ዳግም መተኛት በ70 በመቶ ቀንሷል። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2022 እ.ኤ.አ. ተቀብሎታል።

ገንዘብ ያዥ፦ ልጄ፣ መድኃኒቱ ሲቆምስ? ወባ ያልለመደው ደገኛ ለሰሊጥ አጨዳ ሲወርድ ምን እንደሚሆን አይተናል። ልጆቹን እንደዚያ እንዳናደርጋቸው።

ሲስተር፦ ጋሼ፣ ልክ ነዎት። ጋምቢያ ፋራፌኒ አካባቢ ለዓመታት መከላከያ የወሰዱ ልጆች ባቆሙ በዓመቱ ወባ በዝቶባቸው ነበር፤ ሞት ግን አልጨመረም። በ2001 እ.ኤ.አ. ጎረምሳ ሆነው ሲፈተኑ በአእምሮ ችሎታ በጠቅላላው ልዩነት አልተገኘም። በትምህርት ግማሽ ክፍል ያህል ቀድመው ነበር፣ እሱም በአጋጣሚ የመጣ ሊሆን የሚችል፣ ድንበር ላይ ያለ ቁጥር ስለሆነ ፕሮፖዛላችን ውስጥ ባንመካበት እወዳለሁ። የእኛው ሦስት ዙር ብቻ ነው፤ በኬንያና በኡጋንዳ ከ15ኛው ሳምንት በኋላ ጥቅሙም ጉዳቱም አልታየም።

ላቦራቶሪ፦ እንግዲያው ክትትሉ 6 ወር ላይ አይቁም። ሄሞግሎቢን፣ ማለትም ደም ማነሱን የሚያሳየውን ልክ፣ በ3፣ በ6 እና በ12 ወር እንለካ። መመርመሪያው አለን፣ የሚያልቅብን ስትሪፑ ነው።

ጸሐፊ፦ ገባኝ፣ «ሁሉም ልጆች» የሚለውን ሰርዣለሁ። ክኒኑንስ ማን ያደርሳል? ሆስፒታል ተመለሺ ቢሏት የምትመጣው ስንቷ ናት?

ሲስተር፦ ማላዊ ሲሞክሩት ሦስቱንም ዙር ስትወጣ በእጇ መስጠት የተሻለ ሆኖ ተገኝቷል። ቀኑን የጤና ኤክስቴንሽኗ ታስታውሳት።

ገንዘብ ያዥ፦ ለኤክስቴንሽኗ የሞባይል ካርድ በጀት ውስጥ አላየሁም። እሱን ጨምራችሁ ላኩልኝ፣ ከዚያ እፈርማለሁ።